ስልክ የለካው ወለል

ጋሽ ሀብተሚካኤል ወለሉ መዝመሙን ያዩት በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ሴራሚኩ ገና ሳይደርቅ። ሠላሳ አንድ ዓመት በምድር ባቡር የሐዲድ ጥገና ክፍል ሠርተዋል። ከአቃቂ እስከ ሞጆ በእግራቸው እየሄዱ፣ አንዱ ሐዲድ ከሌላው የጣት ውፍረት ያህል ዝቅ ካለ ሳይለኩ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ጡረታ ወጡ፣ ባቡሩም ቆመ፣ ሐዲዱንም ሣር ዋጠው፤ ዓይናቸው ግን ሥራውን አልተወም። ለቅሶ ቤት ሄደው የድንኳኑ ምሰሶ ከዘመመ ሟቹን ረስተው ምሰሶውን ሲያዩ ይቆያሉ።

እና አዩት። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ወደ ፍሳሹ ቀዳዳ መውረድ ሲገባው ወደ በሩ ይወርዳል። ብዙ አይደለም፣ ትንሽ ነው። ውሃ ደግሞ ከትንሽ በላይ አይጠይቅም።

አይተው ምን አሉ? «ጎሽ፣ በርታ» አሉ።

አዋቂ ሰው ለምን እንዲህ ያደርጋል ለሚል፣ ሁለት ነገር መናገር ያስፈልጋል። አንዱ ስለ ገላ መታጠብ ነው፣ ሌላው ስለ ወይዘሮ እታገኝ።

ጋሽ ሀብተሚካኤልን ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ ግራ ጎናቸውን መታቸው። አንደበታቸው ተመለሰ፤ ግራ እጃቸውም እንደ ነገሩ ተመለሰ፤ ግራ እግራቸው ግን ይጎተታል እንጂ አይነሳም። በከዘራ ይሄዳሉ። ሜዳ ከሆነ የትም ይደርሳሉ፤ ሁለት ጣት ከፍ ያለ ነገር ከገጠማቸው ግን እዚያው ናቸው። ሚስታቸው ወርቅነሽ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ የምታጥባቸው አንዲት ልጃቸው ሥርጉት ነበረች፤ አቃቂ ባለው የቀበሌ ቤት ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ጀርባ፣ ሳፋ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጣ። የሥርጉት እጅ ፈጣን ነው፣ አፏም ፈጣን ነው። ውሃውን ካፈሰሰች ጀምሮ ስለ አለቃዋ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ ሳትተነፍስ ታወራለች፤ እሳቸውም ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ «እህ… እህ» ይላሉ። ስለ ነገሩ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። ጋሽ ሀብተሚካኤል ግን ከዓርብ ጀምሮ ምግብ አይወርድላቸውም ነበር። ያፍሩ ነበር። ሌላ ስም የለውም፤ በገዛ ልጃቸው ፊት ያፍሩ ነበር።

ሥርጉት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሲወጣላት፣ በአባቷ ሕመም ምክንያት ግራውንድ ላይ ተሰጣት። እንደ ሁሉም ሰው የተረከበችው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ነው፤ ቀሪው በባለቤቱ የሚጨረስ ነው።

«አባዬ፣ አንተ ምን እንዲሠራልህ ትፈልጋለህ?» አለቻቸው።

«ደፍ የሌለው መታጠቢያ ቤት» አሉ። «ውስጡ አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የምይዘው ብረት። ሳሎኑንም ኩሽናውንም እንደወደድሽ አድርጊው።»

ለምን እንደሆነ ገባት። «እሺ» ብላ ሌላ ወሬ ጀመረች።

ወይዘሮ እታገኝ ደግሞ የአቃቂ ጎረቤታቸው ናቸው፤ በአንድ ግድግዳ ሃያ አምስት ዓመት። ወርቅነሽ በመጨረሻ ስምንት ወር አልጋ ስትይዝ፣ ሥርጉት ሥራ ተመድባ ሐዋሳ ነበረች፤ ወርቅነሽን በየቀኑ ሲያገላብጡ፣ ሲያጥቡ፣ አንሶላዋን ሲለውጡ የነበሩት እታገኝ ናቸው። ማንም አልለመናቸውም፤ እሳቸውም አንድ ቀን አንስተውት አያውቁም። ያልተነሳ ውለታ ደግሞ ከተነሳው ይከብዳል።

የእኚሁ የእታገኝ ልጅ ነው እንግዲህ የቤቱ ኮንትራክተር። የሺዋስ መጀመሪያ ቱሉ ዲምቱ የስልክ መሸፈኛ ይሸጥ ነበር፤ ቀጥሎ ቀለም ቀባ፤ ቀጥሎ ካርድ አሳተመ። ካርዱ «ጠቅላላ ሥራ ተቋራጭ» ይላል። ጠቅላላው ምን ምን እንደሚያጠቃልል እስከዛሬ በውል አልታወቀም። ሥርጉት ሌላ ሠራተኛ አናግራ ነበር፤ ወይዘሮ እታገኝ ግን ወሬው ሲደርሳቸው መጥተው፣ «የሺዋስ እያለ ለባዕድ?» አሉ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ሴራሚኩ የተነጠፈ ዕለት ሥርጉት አባቷን አምጥታ በሩ ላይ በፕላስቲክ ወንበር አስቀመጠቻቸውና ወደ መሥሪያ ቤቷ ሄደች። ወይዘሮ እታገኝም ለልጃቸው ምሳ ቋጥረው መጥተው ነበር። የሺዋስ አንድ ሴራሚክ ያስቀምጥና ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ በጀርባው ያስተኛበታል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያያል፤ ይረካል።

«ውሃ ልክህ የታለ?» አሉ ጋሽ ሀብተሚካኤል።

«ጋሼ፣ አሁን በስልክ ሆኗል እኮ። ይኸው፣ ስሎፑን፣ ማዘንበሉን፣ በዲግሪ ይነግርዎታል።» ስልኩን አቀረበላቸው። እውነትም መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ክብ ነገር ይንሳፈፋል፣ ቁጥርም አለው።

ስልኩ ውድ ነው። ውድ በመሆኑም ጀርባው ላይ ሦስት ካሜራ አለው፤ ሦስቱም እንደ ብጉር ወጣ ወጣ ብለዋል። እንዲህ ያለ ስልክ በጀርባው ሲተኛ አንድ ጎኑ ቀና ይላል። ጋሽ ሀብተሚካኤል ስልኩን አዩ፣ ካሜራዎቹን አዩ፣ ወለሉን አዩ። ይህ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ በካሜራው ልክ እየተሳሳተ፣ ስህተቱን በሲሚንቶ እያጣበቀ ነው። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ።

«አዩልኝ ልጄን፣ ጋሽ ሀብቴ?» አሉ ወይዘሮ እታገኝ ከኋላቸው። «በዘመኑ ዕቃ ነው የሚሠራው። ወርቅነሽ ኖራ ይህን ቤት ብታየው…» ቀሪውን እንባ ያዘባቸው።

ጋሽ ሀብተሚካኤል አፋቸውን ገጠሙ፤ ከዚያ ነው «ጎሽ፣ በርታ» ያሉት። ወደ አቃቂ ሲመለሱ በመንገዱ ሁሉ ራሳቸውን አጽናኑ፤ ዓይኔ አርጅቶ ይሆናል፣ ተቀምጬ ስላየሁት ይሆናል አሉ። ሰው ራሱን ማታለል ሲፈልግ እርጅና ጥሩ ምክንያት ነው።

በፋሲካ ማግስት አዲሱ ቤት ገቡ። ብሎኩ ላይ መብራት ነበር፣ ውሃ ግን ገና አልተለቀቀም፤ ሰው ሁሉ በጀሪካን ይቀዳል። የአቃቂውን ቤት እስኪያስረክቡ ድረስ ጋሽ ሀብተሚካኤል ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ጓሮ ይታጠቡ ነበር። ስለዚህ መታጠቢያ ቤቱ የእንግዳ መደነቂያ ሆኖ ሰነበተ። ነጭ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ደረቅ ነው። ቤቱ ሲመረቅ ጎረቤት ሁሉ እየገባ አየው። ከምሳ በኋላ ወይዘሮ እታገኝ ተነሥተው፣ «ጋሽ ሀብቴ፣ ልጄን ይመርቁልኝ» አሉ። የሺዋስ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ፤ በአንድ እጁ ደግሞ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ መቅረጽ ጀመረ።

ጋሽ ሀብተሚካኤል ምርቃት ያውቁበታል፤ ጉዱም ይኸው ነው። ቆጠብ አድርገው ማለፍ ሲችሉ፣ አፋቸው አንዴ ከጀመረ በኋላ እንደ ባቡር በአንድ ጊዜ አይቆምም። «እጅህ ይባረክ። የነካኸው ይቅና፣ የሠራኸው ይጽና። ያነጽከው ቤት የሳቅ ቤት ይሁን። ካንተ የተሻለ እጅ አይታይ።» ሰው ሁሉ አሜን አለ። የመጨረሻዋን እሳቸውም አላሰቧትም ነበር፤ አሜኑ ነው የገፋቸው። የሺዋስ ምርቃቱን በዚያው ቀን ቲክቶክ ላይ ለቀቀው፤ ከሥሩም የራሱን ስልክ ቁጥር ጻፈበት። በሳምንቱ ከቱሉ ዲምቱም ከገላንም ይደወልለት ጀመር።

ውሃው በሰኔ ወር፣ በአንዱ ረቡዕ ጠዋት መጣ። ሥርጉት ሥራ ናት። ጋሽ ሀብተሚካኤል ቧንቧው ሲያጓራ ሰሙና እስከ ቅዳሜ አልጠበቁም። እግራቸውን እየጎተቱ ገቡ፤ ምንም አላደናቀፋቸውም። በሩን ዘጉ፣ ከውስጥም ቀረቀሩ። ልብሳቸውን ብቻቸውን አወለቁ፤ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፣ ግን የሚቸኩል አልነበረም። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ሻወሩን ከፈቱት። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ በሕይወታቸው እንደዚያ ያለ ውሃ አልነካቸውም። ደስ አላቸው። ሳሙናውን ራሳቸው ላይ እያሹ፣ በወጣትነታቸው የሐዲድ ሠራተኞች የሚያዜሙትን አንድ ዜማ ማንጎራጎር ጀመሩ።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ ወደ እግራቸው ቢያዩ፣ አረፋው ተሰልፎ ወደ በሩ እየሄደ ነው። የፍሳሹ ቀዳዳ ጥግ ላይ እንደ ተሠራበት ቀን ደርቆ ተቀምጧል። ቧንቧውን ለመዝጋት ሲንጠራሩ የውጭው በር ተንኳኳ።

«ጋሽ ሀብቴ፣ ደህና ነዎት?» የጎረቤታቸው የሀጂ ሙሀመድዘይን ድምፅ ነው፤ የወሎ ሰው፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ እርጋታቸው የታወቀ። «ለክፉ አይደለም፤ ውሃዎ እኔ ቤት ገብቶ ነው።»

ግማሽ ገላቸው በሳሙና፣ ወገባቸው ላይ ፎጣ አድርገው ከፈቱ። ሳሎኑ ኩሬ ሆኗል፣ ኮሪደሩ ይፈሳል፣ የሀጂ ምንጣፍ ራሱን ችሎ ውጭ ወጥቶ ይንጠባጠባል። ሀጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «ምንም አይደለም፣ ውሃ ነው፣ ምንም አይደለም» እያሉ መወልወያ አቀበሏቸው። ጋሽ ሀብተሚካኤል ብቻቸውን የታጠቡት አራት ደቂቃ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያፍሩት በአንድ ሰው ፊት ነበር፤ ያን ቀን በብሎክ ፊት ሆነ።

ሥርጉት ለየሺዋስ ደወለች። በመጀመሪያው ሳምንት «መንገድ ላይ ነኝ» አላት፤ በሁለተኛው «እየገባሁልሽ ነው»፤ በሦስተኛው ስልኩ «አይገኝም» አለ። በመጨረሻ እናቱ እጁን ይዘው አመጡት። የሺዋስ ስልኩን ወለሉ ላይ አስተኛ፣ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ወለሉ ልክ ነው። ችግሩ የውሃው ግፊት ነው። ኮዬ የለቀቁት ውሃ ግፊቱ ከባድ ነው።»

ለግፊቱም መድኃኒት አገኘለት። በአንድ ከሰዓት በሩ ላይ አራት ጣት ከፍ ያለ ደፍ ሠራ፤ ከኩሽናው በተረፈ ባለ አበባ ሴራሚክም አለበሰው። በማግስቱ ውሃ ቢለቁ አንድ ጠብታ አልወጣም። ሀጂ ምንጣፋቸውን መልሰው አነጠፉ። ወይዘሮ እታገኝ ልጃቸውን አመሰገኑ። የብሎኩ ሰው ሁሉ ተገላገለ። ጋሽ ሀብተሚካኤል ብቻ፣ ሰው ሲበተን፣ እስከ በሩ ሄደው ግራ እግራቸውን ደፉ ላይ ሊያወጡ ሞከሩ። ጫማቸው አበባውን ገጭቶ ቆመ። ደግመው ሞከሩ፤ ሦስተኛም ሞከሩ። ከዚያ ተመልሰው ቁጭ አሉ።

በዚያ ቅዳሜ ሥርጉት አዲሱ ሳሎን መሐል ሳፋ አቀረበች። አቃቂ ቢያንስ ቆርቆሮ ይጋርዳቸው ነበር። ስታጥባቸው ስለ አለቃዋም ስለ ታክሲም አላወራችም፤ ዝም ብላ አጠበቻቸው። ዝምታዋ ከሁሉ ባሰባቸው። እንደ ጨረሰች እጇን አድርቃ፣ «ሽማግሌ ይቀመጣል» አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ሮሪሳ ነበሩ፣ ሀጂ ሙሀመድዘይን ነበሩ፣ የሺዋስና እናቱ ነበሩ። ሥርጉት ወለሉንም፣ ውሃውንም፣ ደፉንም ተናገረች። የሺዋስ አልተከራከረም። ስልኩን አወጣና ከፈተው።

«እጅህ ይባረክ። የነካኸው ይቅና…» አለ ስልኩ በጋሽ ሀብተሚካኤል ድምፅ፣ እስከ መጨረሻው። «ካንተ የተሻለ እጅ አይታይ» ላይ ሲደርስ የሺዋስ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«አርባ ሺህ ሰው አይቶታል» አለ።

አቶ ሮሪሳ ወደ ጋሽ ሀብተሚካኤል ዞሩ። «ጋሼ፣ ድምፁ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«እንግዲህ መርቀው የተቀበሉትን ሥራ፣ አሁን…»

ጋሽ ሀብተሚካኤል ወይዘሮ እታገኝን አዩአቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ልጃቸው ስለተመሰገነ ፊታቸው ፈክቷል። ዝም ቢሉ ነገሩ እዚሁ ያልቃል፤ ምስጋናውም ይቀጥላል፣ ሳፋውም ይቀጥላል። ከዘራቸውን ጨበጡ።

«ወለሉ ወደ በር እንደሚወርድ በተነጠፈ ቀን አይቻለሁ» አሉ። «ስልኩ በካሜራው ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ ይዋሻል። ይህንንም አይቻለሁ። ሐዲድ ሳቃና የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አላየሁም ብል አታምኑኝም። አይቼ ዝም አልኩ፤ ዝምታው አልበቃኝም፣ መረቅሁት።»

«ምነው ጋሼ?» አሉ አቶ ሮሪሳ።

«የእታገኝ ልጅ ስለሆነ። ስምንት ወር ሚስቴን አጥባልኛለች። እሷን ደስ ካላት፣ ወለሉ ቢጣመም ይጣመም አልኩ።» ቀጣዩን ወለሉን እያዩ ነው የተናገሩት። «አሁን ግን ልጄ ናት የምታጥበኝ። ሳሎን መሐል። እኔ ሌላ ነገር አልፈለግሁም፤ እስክሞት ድረስ ገላዬን ራሴ ልታጠብ ነው የፈለግሁት። ደፉን መሻገር አልችልም።»

ሽማግሌዎቹ ተያይተው ኮሪደር ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። አቶ ሮሪሳ ፍርዱን ተናገሩ።

«ከትልቁ ጥፋት እንጀምር። ጋሽ ሀብተሚካኤል፣ አዋቂ ሆነው፣ ስህተት አይተው፣ ልጁን መርቀው አሳስተውታል። ቢነግሩት ኖሮ በዚያው ቀን ያስተካክለው ነበር። ስለዚህ ይቅርታ ይጠይቁታል።»

ሥርጉት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ጋሽ ሀብተሚካኤል እጃቸውን አውለብልበው አስቀመጧት። በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡና፣ መታጠቢያ ቤታቸውን ላበላሸባቸው ልጅ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይቅር በለኝ ልጄ» አሉ።

የሺዋስ ለጋስ ሰው ነው። «ኧረ ምንም አይደለም ጋሼ፣ ይቅር ብያለሁ» አለ። «ሰው ይሳሳታል።»

«ሁለተኛ» አሉ አቶ ሮሪሳ፣ «የሺዋስ ወለሉን አፍርሶ ጋሼ እንዳሉት ይሠራል።»

«ችግር የለውም። ገላን የያዝኩትን ልጨርስና፣ ከክረምቱ በኋላ…»

«ዛሬ» አሉ ወይዘሮ እታገኝ።

ፊታቸው ላይ ያለው ፈካ ያለ ነገር ጠፍቷል። «ወርቅነሽ ሳጥባት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «አንድ ቀን እንኳ ዓይኔን አላየችኝም። 'እታገኝ፣ አንድ ጊዜ ራሴን ታጥቤ ብሞት' ትለኝ ነበር። ስምንት ወር ሰምቻታለሁ።» ወደ ጋሽ ሀብተሚካኤል ዞሩ። «የዚያን ውለታ ለእኔ ሊመልሱ ብለው፣ እርስዎም እንደ እሷ ግድግዳ ሊያዩ? እንዴት ጠሉኝ፣ ጋሽ ሀብቴ?» ከዚያ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩት። «ተነሥ፣ መዶሻህን አምጣ። ስልክህን ለእኔ ስጠኝ።»

ሰጣቸው። በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። ጋሽ ሀብተሚካኤል በሩ ላይ ተቀምጠው አዘዙ። ለመለኪያ አንድ ነጭ የላስቲክ ቱቦ አስገዝተው ውሃ ሞሉበት፤ አንዱን ጫፍ የሺዋስ ይይዛል፣ ሌላውን እሳቸው ይይዛሉ፤ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ስለሚቆም የሚዋሽበት ቦታ የለውም። የሺዋስ በመጀመሪያው ቀን አኮረፈ፤ በሁለተኛው ቀን ግን ቱቦውን ራሱ እያነሳ መለካት ጀመረ። «ዝቅ» ይላሉ። «ዝቅ አድርጌዋለሁ ጋሼ።» «ገና ዝቅ።» መጨረሻ ላይ አንድ ጣሳ ውሃ በሩ ላይ አፈሰሱ። ውሃው ትንሽ ቆም አለና ወደ ቀዳዳው ሄደ። ደፉ ከነአበባው በማዳበሪያ ከረጢት ተጠራቅሞ ወጣ።

ቅዳሜ ሥርጉት ፎጣውን በረንዳ ላይ አድርቃ አመጣች። «በሩን አትቀርቅረው እሺ፣ አባዬ» አለች። «እሺ» አሉ፤ ቀረቀሩት።

ውስጥ የቆዩት አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ራሳቸውን ታጠቡ፣ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ደረታቸውንና እግራቸውን ታጠቡ፤ አረፋው ሁሉ ወደ ቀዳዳው ሄደ። ጀርባቸው ብቻ አስቸገራቸው። ቀኝ እጃቸው ሳሙናውን ትከሻቸው ድረስ አደረሰው፣ ከዚያ ወዲያ ግን ሊያሽም ሊያለቀልቅም አልቻለም። ግራው ከነጭራሹ አይሄድም። ሁለቴ ሞከሩ፣ ሦስቴ ሞከሩ። ሥርጉት ከበሩ ውጭ ሆና የአባቷ ወንበር ሲንቋቋ ትሰማለች፤ አንድ ቃል ቢሉ ትገባለች። አልጠሯትም። ውሃውን ዘጉት፣ በፎጣው ያገኙትን ያህል አደረቁ፣ ልብሳቸውን ለበሱ፣ ወጡ።

ሥርጉት ጋቢ ይዛ ቆማለች። ከኋላቸው ዞራ አለበሰቻቸው። እጇ ማጅራታቸው ላይ ሲደርስ ቆም አለ፤ ትንሽ ነው፣ አንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ የጋቢውን ጠርዝ ከፍ አድርጋ አንገታቸው ላይ ደረበችው።

«እንዴት ጸድተሃል፣ አባዬ» አለች። «እኔም እንዲህ አላጠብኩህ።»

ጋሽ ሀብተሚካኤል እጃቸውን በጋቢው ሥር ወደ ማጅራታቸው ሰደዱ። ሳሙናው እንዳለ ነው፤ ሙሉ እፍኝ አረፋ። ቀና ብለው ልጃቸውን አዩአት። እሷ መስኮቱን እያየች ስለ አለቃዋ ማውራት ጀምራለች።

«እህ…» አሉ ጋሽ ሀብተሚካኤል፤ አረፋውን በጋቢው ጠርገው ለመስማት ተቀመጡ።